ቀፎው ይታሰራል፤ ሰውየውስ?



በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ ተማሪ ብዕሩን ሲያነሣ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ወይም ስለ አገር ፍቅር መጻፉ የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለ ገመድ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ርእሱን የሰሙ ጓደኞቼ «ስለ ገመድ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለው ስቀውብኛል። ይሁን እንጂ በአምባሰል ተራሮች ሥርና በሐይቅ ዙሪያ ከዛፍ ወድቆ በቃሬዛ ወደ ወጌሻ ቤት የሄደ ዘመድ ያለው ሰው አብሯቸው የሚስቅ አይመስለኝም።

አምባሰል የሚለው ስም «አምባ» ከሚለው ቃልና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «ዐሰል» የመጣ ነው ይባላል። የስሙ ነገር ለሊቃውንት ይቆይና ማሩ ግን እውነት ነው። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ሲሸፈን ንቡ ይበዛል፤ ቤቱም ይጠበዋል፤ ከዚያም አንዱ መንጋ አውራውን ይዞ አዲስ ማደሪያ ፍለጋ ይወጣል። ይህንን መንጋ ለመቀበል የሚሻ ገበሬ፥ ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ፥ ባዶ ቀፎ በመልካም ጢስ አጥኖ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። በከፋና በሸካ ጫካዎች ደግሞ ቀፎ ከዚህ ይበልጥ ከፍ ባሉ ዛፎች ላይ እንደሚሰቀል እናውቃለን። የአሰቃቀሉ ዘዴ ግን በየትም ቦታ ቢሆን የሚመሳሰል ነው።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ፥ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ሸጉጦ፥ ግንዱን አቅፎ ይወጣል። ከባላው ላይ ሲደርስ ቀፎውን በገመድ ወደ ላይ ይስበዋል። ነፋስ እንዳይጥለው፥ ጦጣም እንዳይገለብጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ከቅርንጫፉ ጋር ይጠመጥመዋል። ቋጥሮ ይነቀንቀዋል፤ አላመነውምና እንደገና ይቋጥረዋል። ይህንን ሁሉ ጥንቃቄ ለቀፎው ካደረገ በኋላ እሱ ራሱ በጣቶቹና በእግሩ ውስጥ ብቻ ተማምኖ ይወርዳል። ቀፎው ከጭቃና ከእበት፥ ከሽመልና ከሐረግ የተሠራ ነው፤ ቢወድቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ይበጃል። ሰውየው ግን ሚስትና ልጆች አሉት።

ማሩ የሚቆረጥበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ንቡ እንዲበርድለት ሲባል ቆረጣው የሚደረገው በጨለማ ነው። በአንድ እጅ ጢስ፥ በሌላው ቢላዋ ይያዛል፤ የማሩ ዕቃም መያዣ ይፈልጋል። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው እጅ ሁለት ብቻ ነውና ዛፉን የሚይዘው የትኛው ነው? በዚህ መካከል ንቡ የዓይን ቆብ ላይ ቢነድፍ እጅ ሳያስቡት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህ የድፍረት ወይም የፍርሃት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ሰውነት የተሠራበት ጠባይ ነው። ጀግናም ሲነደፍ ዓይኑን ይሸፍናል።

ከ10 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ሲሆን መሬቱን የሚመታውም በሰከንድ 14 ሜትር በሚያህል ፍጥነት ነው። ይህም በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ በዚህ ፍጥነት የሚመጣ አይሱዙ ፊት ማንም በፈቃዱ አይቆምም። ከሾላ ጫፍ ላይ ሳይታሰር የሚቆም ሰው ግን በየቀበሌው አለ። ማር ቆራጩ ብቻም አይደለም። በበጋ ሣር ሲጠፋ ለከብት ቅጠል የሚመለምለው እረኛ፥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሚቆርጠው የቀን ሠራተኛ፥ ለችግኝ ጣቢያ የጥድና የዝግባ ፍሬ የሚለቅመው፥ ማንጎ የሚያወርደው ልጅ ሁሉም በአንድ መዝገብ የሚጻፉ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን። የአገር በቀሉ ችግኝ ዘር ግን ከረጃጅም ያረጁ ዛፎች ላይ የሚለቀም መሆኑን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

ይህንን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት በቀፎ ሰቃይነት የታወቁ አንድ አዛውንት አነጋግሬ ነበር። በጉልምስናቸው ጊዜ ከሾላ ላይ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ዛሬም ያነክሳል።

«አባ፥ ቀፎውን ስንት ጊዜ ይጠመጥሙታል?» አልኋቸው።

«ሦስት ጊዜ። ዛፉ ነፋስ የሚያገኘው ከሆነ አራት።»

«አንቱስ? ራስዎን ስንት ጊዜ ይጠመጥማሉ?»

ሳቁብኝ። «ልጄ፥ የሚታሰር በሬ ነው። ወንድ ልጅ እንደ በሬ ታስሮ ዛፍ ይወጣል?» አሉኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ያን ዕለት ቀፎው አልወደቀም። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ልጆቼ ሄደው ማሩን ቆረጡት» አሉ።

በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ አባባል ውስጥ ይገኛል። ማሰር የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። ጭነት በአጋሰስ ላይ በመጫኛ አጥብቀን ወግዲና ደላንታ ገደል ለገደል ያደረስን፥ ሞፈርና ቀንበርን በጠፍር ያጋጠምን፥ የጎጆ ጣሪያ በልጥ አስረን ሠላሳ ክረምት ያሳለፍን ሰዎች ነን። ያጣነው ዕውቀቱን ሳይሆን ያንኑ ዕውቀት ለራሳችን ሰውነት ማዋሉን ነው።

ራስን ማሰር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር መስሎ ለሚታየው ሰው የራሳችንን ምሳሌ ላቅርብለት። በትግራይ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት የደብረ ዳሞ ገዳም አለ። አምባው ዙሪያውን ገደል ስለ ሆነ ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ገመድ ብቻ ነው፤ ቁመቱም 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወጪው በጠፍር የተገመደውን ወፍራም ገመድ በእጁ ጨብጦ፥ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ ይወጣል። ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ በወገቡ ላይ ሁለተኛ ገመድ ይታሰርለታል። ከላይ ያለ መነኩሴ ይህንን ሁለተኛ ገመድ ሳያላላ እየሳበ ይጠብቀዋል። አንዱ ገመድ ለመውጫ፥ ሌላው ለነፍስ መሆኑ ነው። እነዚያ መነኮሳት ከሁላችን ይበልጥ ሞትን የናቁ ሰዎች ሆነው ሳሉ እንግዳቸውን ሳያስሩ አያወጡም።

ይህም ከሐይቅ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያጸኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ምንኩስናን የተማሩት በደብረ ዳሞ ነው። ስለዚህ የገዳማችን አባት ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ገመድ ወጥተው ወርደዋል ማለት ነው። ደቀ መዝሙራቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሐይቅ ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደዋል። ከዚያ ሲወርዱ ገመዱ በሰይጣን ተንኮል ተቆርጦ፥ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በደኅና ማረፋቸውን ገድላቸው ይተርካል። ክንፉ ለቅዱሳን የተሰጠ ነው። እኛ ማንጎ ለመልቀምና ማር ለመቁረጥ የምንወጣው ኃጥኣን ግን ሁለተኛ ገመድ ማዘጋጀት ይበጀናል።

እንግዲህ ወደ ቋጠሮው ልግባ። በአማርኛችን «ውል» የሚለው ቃል የክር መያዣም ነው፥ የሰዎች ስምምነትም ነው፤ ውሉ የጠፋበት ክር እንላለን፥ የጋብቻ ውልም እንላለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል፥ በውጫሌ፥ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል አንድ ውል ታሰረ። ፊት ለፊት ሲያዩት ሁለቱ ጫፎች የተስማሙ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን 17ኛው ክፍል በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፥ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው የሚል ሆኖ ተገኘ። ያ ጠማማ ቋጠሮ የተፈታው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በብዙ ደም ነው።

ገመድም እንዲሁ ያታልላል። የሁለት ገመድ ጫፍ ስንቀጥል ቀኙን በግራው ላይ፥ ቀጥሎም ግራውን በቀኙ ላይ ካደረግን ቋጠሮው ጠፍጣፋና ደኅና ይሆናል። ቀኙን በግራው ላይ፥ እንደገናም ቀኙን በግራው ላይ ካደረግን ግን ለዓይን ያንኑ የሚመስል፥ ሲሳብ ግን የሚንሸራተት ከንቱ ቋጠሮ ይሆናል። ከጓደኞቼ ከብዙዎቹ ጋር ስንሞክረው አብዛኞቻችን እጃችን የለመደው ሁለተኛውን ሆኖ አገኘነው። ለማገዶ እሥር አያስቸግርም። ደግሞም ደኅናው እንኳ የሰው ክብደት ሊጣልበት አይገባውም፤ ለዕቃ ማሰሪያ እንጂ ለነፍስ አልተፈጠረም።

ሰውነት የሚታመንበት ቋጠሮ ሲታሰር የሚጸና፥ ሲፈተሽም በቀላሉ የሚታይ መሆን አለበት። ከእነዚህም የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ቋጠሮ የተመረጠ ነው። ገመዱ ጫፉ ላይ እጥፍ ይደረግና፥ እጥፉ ገመዱን ከኋላ ዞሮ፥ ከፊት በኩል በተፈጠረው ቀዳዳ ይገባል። ሲጠብቅ ቁርጥ 8 ቁጥርን ይመስላል፥ ከጫፉም የማይጠብቅ ቀለበት ይቀራል። ጥቅሙ በባትሪ ብርሃን እንኳ ትክክል መሆን አለመሆኑን ሌላ ሰው አይቶ ሊመሰክር መቻሉ ነው። ሸምቀቆ ግን በሰው ወገብ ላይ ከቶ አይታሰርም። ሸምቀቆ ሲሳብ ይጠብቃልና የወደቀውን ሰው ከመሬት አድኖ በትንፋሽ ማጣት ይገድለዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስደንቀኝ ነገር እመጣለሁ። ይኸውም በሰበቃ ወይም በፍትጊያ ብቻ ስለሚይዝ ቋጠሮ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን በየበዓሉ እንናገራለን። ድሩ ግን በምን ተያይዞ ነው አንበሳውን የሚያስረው? የቃጫ ገመድ ብንፈታው አንድም ጭረት የገመዱን ያህል አይረዝምም። እነዚህ አጫጭር ጭረቶች በሙጫ አልተጣበቁም። ተገምደው እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ብቻ አንዱ ሌላውን አይለቅም፤ በተሳቡ መጠንም አጥብቀው ይጨባበጣሉ። እንግዲያስ ገመድ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰበቃ ነው ማለት ይቻላል።

ሠንጋ ሲታረድ ያየ ሰው ሌላውን ግማሽ ያውቀዋል። አምስት ጎረምሳ ያስቸገረውን ሠንጋ ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ጊዜ የጠመጠመ አንድ ልጅ ጫፉን ይዞ ያቆመዋል። በፊዚክስ ትምህርታችን ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። የሰበቃው መጠን 0.3 ነው ብንል አንድ ሙሉ ዙር የልጁን ጉልበት ወደ 6.6 እጥፍ፥ ሁለት ዙር ወደ 43 እጥፍ፥ ሦስት ዙር ወደ 285 እጥፍ ያደርሰዋል። (የተሳሳትሁ እንደ ሆነ የፊዚክስ መምህራችን ያርሙኝ።) ዙሩ አንድ በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

ካርል ፕሩሲክ የተባለ አንድ የኦስትሪያ ተራራ ወጪ በዚህ ጠባይ ተጠቅሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 በስሙ የሚጠራውን ቋጠሮ ለተራራ ወጪዎች አስተዋወቀ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተበጠሱ የሙዚቃ መሣሪያ ክሮችን ለመጠገን ይህንኑ ቋጠሮ ይጠቀምበት ነበር ይባላል። ይህ ለእኛ ሊገርመን አይገባም። የአገራችን ክራር ምስማርና ጥርስ የለውም፤ ጅማቱ በላይኛው እንጨት ላይ ከጨርቅ ጋር ተጠምጥሞ በሰበቃ ብቻ ይያዛል። ባላገሩ ክራር መቺ ጥምጥሙን በእጁ እያዞረ፥ በአገራችን ስም የተጠራውን የአምባሰልን ቅኝት ሲቃኝ፥ ሲፈልግ የሚንሸራተት ሲተውት የሚይዝ ጥምጥም እየሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዋናው ገመድ ቀጠን ያለ፥ ለምሳሌ ዋናው 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ በጠንካራ ቋጠሮ ይገጠምና ክብ ይሆናል። ይህ ክብ ከዋናው ገመድ ኋላ ይደረግና አንደኛው ራሱ በሌላው ራሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሾልካል፤ እያንዳንዱም ዙር ከፊተኛው ወደ ውስጥ ይቀመጣል። ዙሮቹ ሳይደራረቡ እንደ ተሰለፈ ወታደር ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ክብደት ሳይኖርበት በእጅ ቢገፉት ወደ ላይም ወደ ታችም ይንሸራተታል። ክብደት ሲያርፍበት ግን ዋናውን ገመድ ነክሶ ይቀራል። ሰውየው በከበደ መጠን አነካከሱም ይጠነክራል።

በዛፍ ላይ ሲሆን ከቀላሉ መንገድ እንጀምር። ቀጭን ሲባጎ ጫፉ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ድንጋይ ታስሮበት ከግንዱ አጠገብ ካለ ወፍራም ሕያው ቅርንጫፍ በላይ ይወረወራል። (ማሽላ ሲጠብቅ በወንጭፍ ወፍ ያባረረ የተሁለደሬ ልጅ ለዚህ አስተማሪ አያሻውም።) በሲባጎው ዋናው ገመድ ይሳባል፥ ሁለቱም ጎን ወደ መሬት ይወርዳል። አንደኛው ጫፍ በ8 ቁጥር ቋጠሮ ከወጪው መታጠቂያ ጋር ይታሰራል፤ በሌላው ጎን ላይ የሰበቃው ቋጠሮ ተጠምጥሞ እሱም ከመታጠቂያው ጋር ይያያዛል። ሰውየው ግንዱን እየወጣ አንድ ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር ቋጠሮውን አንድ ክንድ ወደ ላይ ይገፋዋል። እጁ ቢከዳው የሚወርደው አንድ ስንዝር ነው። ከላይ ሲደርስ ሁለት እጁ ነፃ ይወጣል፤ አንዱ ለጢሱ፥ አንዱ ለቢላዋው።

መታጠቂያውን በተመለከተ፥ ወገብ ብቻ የታሰረ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ከተንጠለጠለ ገመዱ ሆዱንና የጎድን አጥንቱን ጨቁኖ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። የደብረ ዳሞው ወጪ እግሩ ድንጋዩን ስለሚረግጥና ጉዞውም አጭር ስለሆነ ወገቡ ይበቃዋል። ዛፍ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ክብደቱ በጭኖቹ ላይ እንዲያርፍ በሁለቱም እግሮቹ ዙሪያ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

ይህ ቋጠሮ ጠላት የለውም ማለት ግን አይደለም። ትልቁ ጠላቱ የራሱ ባለቤት እጅ ነው። የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል። የጨበጠው ቋጠሮውን ራሱን ከሆነ ቋጠሮው ሊነክስ አይችልም፤ እጁ ወደ ታች እየጎተተ ያንሸራትተዋልና። ስለዚህ ገና ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብለው ሳሉ እጅን ለቅቆ መቀመጥን ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ይህ ለብዙ ሰው ከመውጣቱ ይልቅ ይከብደዋል። በገመዱ ጫፍም ቋጠሮው አልፎ እንዳይሾልክ የሚያግድ ሌላ ቋጠሮ መኖር አለበት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ደግሞ ምንም ገመድ አይወረወርም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ጠላት ርካሽ ገመድ ነው። በገበያችን ላይ የሚሸጠው አንጸባራቂ የላስቲክ ገመድ ለአህያ ጭነትና ለልብስ ማስጫ መልካም ነው። ነገር ግን ሙልጭልጭ ስለሆነ ቋጠሮ አይዝለትም፥ ፀሐይም ያደቀዋል፥ በ160 ዲግሪ ገደማም ይቀልጣል። በፍጥነት የሚንሸራተት ቋጠሮ ደግሞ ብዙ ሙቀት ያወጣል። ናይለን እስከ 220 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቋቋማል፤ ሲሳብም ሳብ ስለሚል የወደቀውን ሰው ጀርባ አይሰብረውም። የአባቶቻችን መጫኛ ብርቱ ነው፤ ግን ዝናብ ያበሰብሰዋል፥ አይጥም ይበላዋል፥ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ የሞተ ሊሆን ይችላል። ገመድ ከዛፍ ከመውጣት በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ይዳሰሳል። ይህንን አህያ የሚጭን ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ ለአህያው ጭነት ብሎ ነው እንጂ።

«ዘመናዊ ቀፎ መጥቷል፥ መሬት ላይ ይቀመጣል፥ ዛፍ መውጣት ቀርቷል» የሚሉኝ አሉ። እኔም ዘመናዊውን ቀፎ እደግፋለሁ። ከዚያም አልፌ፥ ከሁሉ የተሻለው አወጣጥ ያልተወጣው ነው ባይ ነኝ። ቀፎው በቅርንጫፍ ላይ ተቋጥሮ ከመቅረት ይልቅ ገመዱ በቅርንጫፉ ላይ ተላልፎ ወደ መሬት ቢወርድና ከታች በግንዱ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ቢታሰር፥ በቆረጣው ሌሊት ጥምጥሙን እያላሉ ማር የሞላውን ቀፎ ቀስ አድርጎ ማውረድ ይቻላል። ያ ሠንጋ ያቆመ ሰበቃ ቀፎም ያወርዳል። ይህንን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ገመዱን በፀሐይ ከማደቅ አንዱን ሰው ማውጣት ይቀላል ብለው ተከራክረውኛል። የሰው ዋጋ ከገመድ ዋጋ አነሰ እንዴ ብዬ ዝም አልሁ፤ ሽማግሌን እስከዚህ ድረስ መድፈር አልወደድሁም። ነገር ግን ቅጠል የሚመለምለውና የዛፍ ፍሬ የሚለቅመው ሰው ዛፉን ሊያወርደው አይችልምና የመውጣቱ ነገር ጨርሶ አይቀርም።

«ገመድ ውድ ነው» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ እውነት አለበት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የመውጫ ገመድ ይገዛ ቢባል የማይሆን ምኞት ነው። ነገር ግን ዛፍ በየቀኑ አይወጣም። የቀብር ድንኳንና ድስት በእድር በጋራ የሚገዛ አገር አንድ ገመድና አንድ መታጠቂያ በጋራ መግዛት አያቅተውም። ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ቀብሩ እንዳይመጣ ብናዋጣ ምን ይጎድልብናል?

«የሚታሰር በሬ ነው» ለሚለው ግን ከዚህ በላይ የምመልሰው የለኝም። ምናልባት ከአባቶች ጋር ከመከራከር ይልቅ ከእኛ ከልጆቹ መጀመር ይቀል ይሆናል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፥ ከትምህርት በኋላ፥ አንድ ሰዓት የገመድ ልምምድ ይሰጠን። በመጀመሪያው ወር ማንም ዛፍ አይወጣም፤ ቋጠሮ ብቻ እንማራለን። 8 ቁጥሩን፥ የሰበቃውን ቋጠሮ፥ የግንዱን ጥምጥም፥ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንሠራቸው ድረስ። በሁለተኛው ወር ከግቢያችን ግራር ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ፥ እግራችን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፥ መንጠልጠልና እጅ መልቀቅ እንለማመዳለን። ከዚያ በላይ የሚወጣ ቢኖር ሥራውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ባለበት፥ በደኅና ገመድና በደኅና መታጠቂያ ብቻ ይሁን። አሥራሩን የሚፈትሸው ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ይሁን፤ ማንም የራሱን ቋጠሮ ራሱ አይፍረድ። ሴቶች ልጆችም ከዚህ አይቅሩ፤ ቅጠልና ማገዶ ሲያስፈልግ ዛፍ ሥር የሚገኙት እነሱ ናቸውና።

ወላጆችን የምለምነው በየቤቱ በግርግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ መጫኛ፥ ቃጫ ወይም የናይለን ቁራጭ ቢኖር እንዲልኩልን ነው። ለመውጫ አንጠቀምበትም፤ ለቋጠሮ መለማመጃ ሁለት ሜትር ይበቃናል። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበታል፥ በሰኔም ትምህርት ሲዘጋ ለየባለቤቱ ይመለሳል።